«ምንም አይፈጠርበትም» ለተባለ መጽሐፍ የተሰጠ ምላሽ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሣራ ጄ. ማስ «ኤ ኮርት ኦፍ ፍሮስት ኤንድ ስታርላይት» የተሰኘውን አጭር ልቦለዷን በ2018 በብሉምስበሪ በኩል ካሳተመች ወዲህ መጽሐፉ አንድ ፍርድ ተሸክሞ ይኖራል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፍርዱ «ምንም አይፈጠርበትም» የሚል ነው። መጽሐፉ አራተኛ ቅጽ የሆነበትን ተከታታይ ልቦለድ ወድደው ደጋግመው የሚያነቡ ሰዎች እንኳ ስለዚህ ቅጽ ሲጠየቁ ይቅርታ የሚጠይቁ ያህል ይናገራሉ፤ አዲስ ጀማሪንም «እሱን ዝለለውና ወደሚቀጥለው እለፍ» ይሉታል። አንባቢያን ለተከታታዩ ቅጾች ከሚሰጡት ነጥብ ዝቅተኛው የዚህ ነው።

የሚከላከሉለትም ብዙ ናቸው። እነዚህ ደግሞ «እርግጥ ነው፣ ምንም አይፈጠርም፤ ግን ከዚያ ሁሉ ደምና ሞት በኋላ ከምንወዳቸው ሰዎች ጋር እሳት ዳር መቀመጥ ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። ለእነሱ መጽሐፉ የበዓል ስጦታ ነው፤ ለስጦታ ደግሞ ሂሳብ አይጠየቅም። ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ የሚሰማ ሰው ተቃራኒ ነገር የሚናገሩ ይመስለዋል። የቆሙት ግን አንድ መሠረት ላይ ነው፤ አንዱ ባዶ ነው ብሎ ያማርራል፣ ሌላው ባዶ ነው ብሎ ይደሰታል። የእኔ ምላሽ ለሁለቱም ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ነገር ይፈጠራል፤ የሚፈጠረውም በዋናነት ሙቀቱ ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ ነው።

ያላነበበው ሰው እንዲከተለኝ ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። በ2015 በወጣው የመጀመሪያው ቅጽ ፌይራ የምትባል ድሃ ወጣት አድና ቤተሰቧን የምትመግብ ሰው ናት። በጫካ ውስጥ ተኩላ ገደልሁ ብላ የገደለችው ግን ፌ ከሚባሉት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ፍጡራን አንዱን ነው፤ በዚህ ምክንያት ወደ አገራቸው ተወስዳ የጸደይ ግዛት ገዢ የሆነውን ታምሊንን ትወዳለች፤ ስለ እሱም ትሞታለች፤ ከዚያም ፌ ሆና ትነሣለች። በ2016ቱ ቅጽ ታምሊን «ልጠብቅሽ» ብሎ ቤት ውስጥ ሲዘጋባት ትተወዋለች፤ የሌሊቱን ግዛት ገዢ ሪሳንድን ትወዳለች። በ2017ቱ ከሃይበርን ንጉሥ ጋር ታላቅ ጦርነት ይደረጋል። ሁለቱ እኅቶቿ ኔስታና ኢሌይን ያለ ፈቃዳቸው ወደ ፌነት ተለውጠዋል፤ አባታቸውን ንጉሡ ኔስታ እያየች አንገቱን ሰብሮ ገድሎታል። አራተኛው፣ የምንከራከርበት፣ ከዚያ ጦርነት ጥቂት ወራት በኋላ ይጀምራል። ቦታው ቬላሪስ የምትባለው ከተማ፣ ጊዜው የክረምቱ ረጅሙ ሌሊት በዓል የሚከበርበት ሰሞን ነው። በዓሉ የፌይራም የልደት ቀን ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላታል።

ክሱን በሚገባ መስማት ያስፈልጋል፤ ደካማውን ክስ ብቻ መርጦ መመለስ ቀላል ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጽ እያንዳንዳቸው ከስድስት መቶ ገጽ በላይ ናቸው፤ ይህ የእነሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጠላት የለም፤ የሚፈታ እንቆቅልሽም የለም። ሰዎች ስጦታ ይገዛሉ፣ ኬክ ይቆርሳሉ። ሪሳንድና የቅርብ ጓደኞቹ ካሲያንና አዝሪኤል በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ተራራ ላይ በበረዶ ይወራወራሉ። በመጨረሻ ላይ ከሚቀጥለው መጽሐፍ የተቀነጨበ ቅምሻ ተጨምሯል። አሳታሚው ራሱ ያስተዋወቀው ባለፉት ቅጾችና በሚመጡት መካከል እንዳለ ድልድይ አድርጎ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቆ፣ የሙሉ መጽሐፍ ዋጋ ከፍሎ፣ ድልድይ የተሰጠው አንባቢ ቢቆጣ አልፈርድበትም።

ዳሩ ግን ቁጣው ስለ ግብይቱ ነው፤ ፍርዱ ደግሞ ስለ ትረካው ተሰጠ። እነዚህን ሁለቱን መለየት አለብን።

ስለ ትረካ ሲሆን «ተፈጠረ» የምንለው ምኑን ነው? ሮላን ባርት በ1966 ስለ ትረካ አወቃቀር ባሳተመው ጽሑፍ ድርጊቶችን በሁለት ከፍሏቸዋል፤ አንዳንዶቹ ታሪኩ በየት እንደሚሄድ የሚወስኑ ናቸው፣ ሌሎቹ በእነዚያ መካከል ያለውን ቦታ ይሞላሉ። ሲይሞር ቻትማን በ1978 ይህን ሐሳብ ሲያሰፋው ሁለተኞቹ ቢወጡ የሴራው ሰንሰለት እንደማይበጠስ፣ ትረካው ግን በውበቱ እንደሚደኸይ ተናግሯል። ፍራንኮ ሞሬቲ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በ2013 ስለ ቡርዧው በጻፈው መጽሐፍ የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ሲመረምር የታሪኩን አቅጣጫ በእርግጥ የሚለውጡት ሦስት ክንውኖች ብቻ እንደሆኑ ያሳያል፤ የቀረው ጉብኝት፣ ጭፈራ፣ ደብዳቤ፣ የእግር ጉዞ ነው። ሞሬቲ ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። የዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልቦለድ ትልቁ ግኝት የዕለት ተዕለት ኑሮን ሊተረክ የሚገባው አድርጎ ማቅረቡ ነው ባይ ነው። ስለዚህ «መሙያ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ስድብ ሊሆን አይችልም፤ ስድብ ከሆነ የልቦለድን ታሪክ እኩሌታ ይዞ ይሄዳል።

ይህን ግን እንደ መሸሸጊያ አልጠቀምበትም። የምለው ከዚህ ይጠነክራል። በዚህ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ዋና ትዕይንቶች በባርት የመጀመሪያው መስፈርት ቢመዘኑም ያልፋሉ፤ ሰዎች ሁለት መንገድ ፊታቸው ቀርቦ አንዱን ይመርጣሉ፣ ምርጫቸውም የማይመለስ ውጤት ያመጣል። አንባቢው ያላያቸው ሰይፍ ስላልያዙ ነው።

የሸማኔዋን ትዕይንት እንውሰድ። ፌይራ ስጦታ ፍለጋ ወደ አንድ ሱቅ ትገባለች። ግድግዳው ላይ የሌሊቱን ግዛት ምልክት የያዘ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ መደቡ ብርሃንን የሚውጥ ጥቁር ነው፣ ምልክቱ የተሠራበት ክር ደግሞ በብርማ ቀለም ያንጸባርቃል። ሸማኔዋ ባሏን በጦርነቱ አጥታለች። ጥቁሩን መደብ የሸመነችው የሞቱን ወሬ በሰማች ማግስት ነው፤ «ባዶነት» ብላ ሰይማዋለች። የሚያበራውን ክር የሠራችው በኋላ ነው፤ «ተስፋ» ትለዋለች። ፌይራ እንዴት መሥራት እንደቻለች ስትጠይቃት የምታገኘው መልስ መጽናኛ አይደለም፤ ሥራውን ካቆመች ሐዘኑ የሚሄድበት እንደሌለ፣ ስለዚህ መሥራት ግድ እንደሆነባት ትነግራታለች።

ብዙዎች ይህን «ቆንጆ ትዕይንት» ብለው ያልፉታል። በእኔ ንባብ የመጽሐፉ መታጠፊያ ይህ ነው። ፌይራ ሠዓሊ ናት፤ ከጦርነቱ ወዲህ ግን ብሩሽ ማንሣት አቅቷታል። የከተማዋ የሠዓሊዎች ሰፈር ሃይበርን ባደረሰው ጥቃት ተጎድቷል፤ ፖሊና የምትባል ሠዓሊ በዚያ ተገድላ የሥራ ቤቷ ባዶ ቀርቷል። ረሲና የምትባል ሌላ ሠዓሊ ፌይራን ከባልንጀሮቿ ጋር መጥታ እንድትሥል ስትጋብዛት ሰበብ ፈልጋ ትቀራለች። ከሸማኔዋ ጋር ከተነጋገረች በኋላ ግን ወደዚያ ባዶ ቤት ብቻዋን ገብታ ትሥላለች። የሣለችው የበዓል መብራት ወይም በረዶ የለበሰ ጣሪያ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ በአንድ አስማታዊ መስታወት ውስጥ ያየችውን የራሷን ማንነት፣ የሚያስፈራውን ገጽታዋን ነው የሣለችው። ሞቅ ያለ የበዓል መጽሐፍ ነው ለተባለ ነገር ይህ የመጀመሪያው ሥዕል መሆኑ ሊያስቆመን ይገባል። ከዚያ የሚከተለውም የዚሁ ውጤት ነው፤ ከረሲና ጋር ሆነው በዚያው ቤት ጦርነት ያስደነገጣቸውን ሕፃናት ሥዕል ማስተማር ይጀምራሉ። አንዲት ሠዓሊ ሙያዋን አጥታ መልሳ አገኘች፤ የአንዲት ሟች ቤት የሕፃናት ማስተማሪያ ሆነ። በሌላ ደራሲ እጅ ይህ ብቻውን የአንድ ልቦለድ ሴራ ሊሆን ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ ኔስታ ልምጣ፤ ክርክሬ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሷ ነው።

ኔስታ ከጦርነቱ በኋላ ከእኅቶቿ ተለይታ በድሃ ሰፈር በተከራየችው ጠባብ ቤት ትኖራለች፤ ማታ ማታ መጠጥ ቤት ታመሻለች፤ ወንድ ትለዋውጣለች፤ ከማንም ጋር ማውራት አትፈልግም። ፌይራ ለበዓሉ ትጠራታለች፤ እምቢ ትላለች። ያኔ ፌይራ «ብትመጪ የቤት ኪራይሽን እከፍልልሻለሁ» ትላታለች። ኔስታ ትመጣለች። ሁሉም ሰው ስጦታ እየፈታ ሲስቅ ለብቻዋ ቆማ ታመሻለች፤ ከዚያ ገንዘቡን ተቀብላ ትወጣለች። ካሲያን ይከተላትና መንገድ ላይ ያነጋግራታል፤ ሊሰጣት ብሎ ብዙ ጊዜ ወስዶ የፈለገላትን ስጦታ በእጁ ይዟል። ታሳፍረዋለች። ስጦታውን ሲድራ ወንዝ ውስጥ ይወረውረዋል፤ በውስጡ ምን እንደነበረ መጽሐፉ አይነግረንም።

እኅት እኅቷን በገንዘብ ገዝታ ማዕድ ላይ አስቀመጠቻት። ይህ ካልተፈጠረ፣ ምን ሲሆን ነው ተፈጠረ የሚባለው? እንግዳው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ በመጽሐፉ ምንም አልሆነም የሚሉት አንባቢያን ራሳቸው ስለዚህ ኪራይ ዓመታት ሙሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ፌይራ ጨካኝ ነበረች ወይስ ሌላ መላ አጥታ? ኔስታ ምስጋና ቢስ ናት ወይስ የቆሰለች? ካሲያን ሊከተላት መብት ነበረው? ባዶ ትዕይንት እንዲህ ያለ ጠብ አያስነሣም። ክርክሩ ራሱ ትዕይንቱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይመሰክራል፤ ተከራካሪዎቹ ለመጽሐፉ የከለከሉትን ክብር በንባባቸው ሰጥተውታል።

በ2021 በወጣው የኔስታ መጽሐፍ አንድ ነገር ይብራራል። ኔስታ የሚነድ እንጨት ሲሰነጠቅ መስማት አትችልም፤ ድምፁ የአባቷ አንገት የተሰበረበትን ድምፅ ይመልስባታል። ይህን አውቆ ወደዚያ በዓል ምሽት የሚመለስ ሰው ክፍሉን በሙሉ በሌላ ዓይን ያየዋል። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሁሉ መለያ፣ ሁሉም የሚሰበሰብበትና የሚሞቅበት ምድጃ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ላለች አንዲት ሴት የአባቷን ሞት የሚደጋግም ነገር ነው። ለቀሩት ዕረፍት የሆነው ለእሷ ሥቃይ ነው፤ ከእነሱም ማንም አያውቅም። ማስ በ2018 ይህን እስከ ጫፉ አስባው ይሁን አይሁን ለክርክሬ አያስፈልገኝም፤ በጽሑፉ ላይ ያለው ኔስታ ለብቻዋ የቆመችበት ክፍል ብቻውን ይበቃል። ተከላካዮቹ የበዓሉን ሙቀት ለማወደስ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ማንሣት አለባቸው፤ ካላነሡ ውዳሴው አፋቸው ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ የፍቅር ልቦለድን ቅርጽ የሚያጠኑ ሰዎች ያስተማሩንን ማንሣት ይጠቅማል። ፓሜላ ሬጂስ በ2003 ባሳተመችው ጥናት ለፍቅር ልቦለድ አስፈላጊ ያለቻቸውን ስምንት ክፍሎች ዘርዝራለች። ከእነሱ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚታዩ፣ ግን ግዴታ ያልሆኑ ሦስት ነገሮችን ታክላለች፤ ሠርግ ወይም ጭፈራ ወይም በዓል፣ የማኅበረሰቡን በደል የሚሸከም ሰው መባረር፣ የክፉው ሰው መለወጥ። የፍቅር ታሪክ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው የሚያልቅ አይደለም፤ በዙሪያቸው ያለው ማኅበረሰብ እንደ አዲስ መቆሙ በአንድ ድግስ ይታያል።

የማስን ተከታታይ በዚህ ብናየው አንድ ጎዶሎ ነገር ይወጣል። ፌይራና ሪሳንድ በሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ የተጋቡት በምሥጢር ነው፤ አንባቢው ሥርዓቱን አላየውም፣ ዘመድ አልታደመም፣ ከተማው አልጨፈረም። ወዲያው ጦርነት መጣ። የሚቀጥለው ትልቅ ቅጽ ሙሉ ድግሱ ዕዳ ሆኖ ቆየ። አራተኛው መጽሐፍ ይህን ዕዳ የሚከፍል ነው፤ ቅርጹ ራሱ የጠየቀው እንጂ ለአድናቂ ተብሎ የተለጠፈ አይደለም። ከዚያ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ማስ ድግሱን ስትደግስ ከሬጂስ ዝርዝር የቀሩትን ሁለቱንም ይዛ መምጣቷና ሁለቱንም ማወሳሰቧ ነው።

የተባረረው ሰው ታምሊን ነው። በመጀመሪያው ቅጽ ፍቅረኛው እሱ ነበር፤ አሁን ግዛቱ ፈርሷል፣ አገልጋዮቹና ጠባቂዎቹ ጥለውት ሄደዋል፣ በተሰባበረ ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። የተለመደው የፍቅር ታሪክ እንዲህ ያለውን ሰው ከድግሱ አውጥቶ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ አይጠየቅም። ማስ ግን ሪሳንድን ወደዚያ ቤት ትልከዋለች፤ ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው ጉብኝት ሪሳንድ ክፉ ቃል ይናገረዋል፤ የወደቀውን ሰው ይረግጠዋል። በሁለተኛው ሪሳንድ፣ ታምሊን አድኖ ያመጣውን የእንስሳ ሥጋ ራሱ አብስሎ ያቀርብለትና እንዲበላ ያደርገዋል። ይቅርታ አልተባለም፤ ወዳጅነትም አልተጀመረም። የሪሳንድን ሚስት ያሠቃየ ሰው ምግብ ማብሰሉን እንኳ ትቶ ሊሞት ሲል የቀድሞ ጠላቱ ምድጃ አንድዶለት ሄደ፤ ያ ብቻ ነው። ክፉው ሰው ተለወጠ ማለት አይቻልም፣ ተባርሮም አልቀረም። በተከታታዩ ካሉት የውጊያ ምዕራፎች በአብዛኞቹ ላይ ይህን አስቀድማለሁ፤ ሪሳንድ በጦር ሜዳ ያደረገው ሁሉ ከማንነቱ ጋር የሚስማማ ነበር፣ እዚህ ያደረገው ግን ማንነቱን የሚፈታተን ነው።

ከተከላካዮቹ ጋር የምለያይበት ሌላም ነጥብ አለ። ትራቪስ ባልድሪ በ2022 «ሌጀንድስ ኤንድ ላቴስ» የተባለውን፣ ሰይፏን ሰቅላ ቡና ቤት ስለምትከፍት ተዋጊ የሚተርክ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ሞቅ ያለ ምናባዊ ልቦለድ የሚባለው ዘርፍ የራሱ ስምና የራሱ መደርደሪያ አግኝቷል። ብዙዎች የማስን መጽሐፍ ወደ ኋላ ተመልሰው እዚያ መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል፤ በዚህም ያዳኑት ይመስላቸዋል። ጃኒስ ራድዌይ በ1984 ባወጣችው ጥናት በአንዲት የአሜሪካ ከተማ የፍቅር ልቦለድ አንባቢ የሆኑ ሴቶችን አነጋግራ ያገኘችውን ማስታወስ እዚህ ይገባል። እነዚያ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሌላውን የሚንከባከቡ ናቸው፤ መጽሐፉን የሚከፍቱት ለራሳቸው ብቻ የሆነ ጊዜ ለማግኘትና በጀግናዋ በኩል አንድ ጊዜ እንክብካቤ ተቀባይ ለመሆን ነው። ይህን ፍላጎት ከልቤ አከብረዋለሁ። የማስ መጽሐፍ ግን ለዚህ ፍላጎት የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም። ፌይራ በዚህ ቅጽ ውስጥ በአብዛኛው ተንከባካቢ ናት፤ የከተማዋ መልሶ ግንባታ፣ የእኅቶቿ ነገር፣ የድግሱ ዝግጅት በእሷ ላይ ነው፤ ልደቷ እንኳ ከበዓሉ ጋር ተዳብሏል። ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላት ልጅ ሁሉን ለማስደሰት ስትሯሯጥና አንዲቱን ማስደሰት ሲያቅታት ነው የምናየው። የእንክብካቤን ልክ፣ የሚደርስበትንና የማይደርስበትን፣ የሚመረምር መጽሐፍ ነው። ዕረፍት የፈለገ አንባቢ ካረፈበት ደስ ይለኛል፤ ዕረፍት ብቻ ነው ብሎ ሲመሰክርለት ግን ያሳንሰዋል።

ሌላው የተለመደ መከላከያ «የ2021ዱን ለመረዳት ያስፈልጋል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ኔስታ መጠጥ ቤት የገባችበት፣ ካሲያን ስጦታውን የጣለበት፣ ክንፏ የተቆረጠባት ነጋዴ ኤመሪ የምትታይበት ሁሉ እዚህ ነው። ግን ይህን መከላከያ አልቀበለውም። መጽሐፍ ለሌላ መጽሐፍ በሚሰጠው አገልግሎት ብቻ ከተመዘነ አሳታሚው ያወጣለትን የድልድይ ስም አጸደቅንለት ማለት ነው። የሸማኔዋ ጨርቅ ወደ የትም አያሻግርም፤ የሪሳንድ ምግብም እንደዚያው። ዋጋቸው በቆሙበት ነው።

ከጦርነት በኋላ ያለው ጊዜ ሊተረክ ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ በምናባዊ ልቦለድ ውስጥ አዲስ አይደለም። ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1955 ባሳተመው «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ» የመጨረሻው ክፍል ዘጠኝ ምዕራፎች አሉት፤ ጀግኖቹ ሊያጠፉት የተጓዙለት ቀለበት የሚጠፋው በሦስተኛው ነው። ስድስት ምዕራፍ ሙሉ የሚተርከው ስለ ሹመት፣ ስለ መሰነባበት፣ ወደ ቤት ስለ መመለስ፣ በቤት ስላገኙት ጥፋትና ሊድን ስላልቻለው የቀለበቱ ተሸካሚ የፍሮዶ ቁስል ነው። ፒተር ጃክሰን በ2003 ፊልሙን ሲሠራ ጀግኖቹ ተመልሰው አገራቸውን ከወራሪ የሚያጸዱበትን ምዕራፍ ጨርሶ ተወው፤ አንባቢው ግን ያ ምዕራፍ ከሌለ ጉዞው ሁሉ ለምን እንደነበር እንደማይታወቅ ያውቃል። ለቶልኪን የተፈቀደው ለማስ ለምን ተከለከለ? አንዱ ምክንያት ከላይ ያልሁት ነው፤ የእሱ ስድስት ምዕራፎች በአንድ ሽፋን ውስጥ ነበሩ፣ የእሷ ግን ተለይተው ተጠርዘው ተሸጡ። ሌላው ምክንያት ግን ያሳስበኛል። የቶልኪን ድኅረ ጦርነት የወንዶች፣ የንጉሥና የአገር ነው፤ የማስ የእኅትማማቾች፣ የኪራይ፣ የስጦታና የሥዕል ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ማሳለፊያ የማለት ልማድ በፍርዱ ውስጥ እንዳለበት አምናለሁ፤ ፈራጆቹ በአብዛኛው ሴቶች መሆናቸውም ይህን እምነቴን አይለውጠውም።

መጽሐፉ ያለ እንከን ነው አላልሁም። የትረካው ድምፅ ይወላገዳል። ፌይራና ሪሳንድ በአንደኛ መደብ ይናገራሉ፤ ካሲያን፣ ሌላዋ ጓደኛቸው ሞርና ኔስታ በሦስተኛ መደብ ይተረካሉ። ለዚህ ትርጉም መስጠት ይቻላል፤ ባልና ሚስቱ ብቻ «እኔ» የማለት መብት አላቸው፣ የቀሩት ከውጭ ይታያሉ፤ የኔስታን መገለል ቅርጹ ራሱ ያጠብቀዋል። ነገር ግን የሪሳንድ «እኔ» ከፌይራ «እኔ» ብዙም አይለይም፤ ስሙን ከምዕራፉ ራስ ላይ ቢያነሡት ማን እንደሚናገር ለማወቅ ጥቂት መስመር መጓዝ ያስፈልጋል። በአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ የሚበልጣት ገዢ በእሷ አንደበት መናገሩ ድክመት ነው።

ሀብቱም ያስጨንቀኛል። ሪሳንድ ለሚስቱ በወንዙ ዳር በጦርነቱ የፈራረሰ ሰፊ ይዞታ ገዝቶ ይሰጣታል፤ የሕልሟን ቤት እንድትሠራበት። ከተማው ገና ፍርስራሹን እያነሣ ነው። ይህ ስጦታ ከኔስታ ኪራይ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ታላቅ ትዕይንት ሊሆን የሚችል ነገር ነበረው፤ ለአንዷ ርስት፣ ለሌላዋ በውል የተከፈለ የወር ኪራይ። መጽሐፉ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያኖራቸዋል፤ ግን አያነጻጽራቸውም፣ ፌይራም አታየውም። ጸሐፊዋ አይታው አንባቢው እንዲያገኘው ትታው ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አነበብሁት፤ ምልክት አላገኘሁም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የኢሊሪያውያኑ ነገር ነው። ክንፍ ያላቸው እነዚህ ተዋጊዎች የሴቶቻቸውን ክንፍ የመቁረጥ ልማድ አላቸው። ካሲያን ልጃገረዶቹ ልምምድ እንዲያደርጉ ለማስገደድ ወደ ሰፈሩ ይመላለሳል፤ በጦርነቱ ልጆቻቸውንና ባሎቻቸውን ያጡት ቤተሰቦች በገዢያቸው ላይ እያጉረመረሙ ነው። ኤመሪ ከአባቷ ሞት በኋላ ሱቁን ይዛ፣ በተቆረጠ ክንፍ፣ ለማንም አንገቷን ሳትደፋ ትነግዳለች። ካሲያን ለብርዱ የሚሆን ዕቃ ገዝቶ ለችግረኞች እንድታድልለት ሲጠይቃት የምናየው ለአፍታ ብቻ ነው። ጦርነቱ በቬላሪስ መብራቶች መካከል ካደረሰው ይልቅ እዚያ በረዶ ውስጥ ያደረሰው ይከፋል፤ በዓሉም እዚያ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። አንድ ሙሉ ምሽት፣ አንድ የኢሊሪያውያን ማዕድ፣ ከኤመሪ ሱቅ መስኮት የታየ አንድ ረጅም ምዕራፍ ይገባው ነበር። በዚህ ረገድ የኔ ቅሬታ ከሌሎቹ አንባቢያን ቅሬታ ጋር ተቃራኒ ነው፤ መጽሐፉ አጥሮብኛል። ማስ ኤመሪን በ2021 መልሳ አምጥታ ከኔስታ ዋና ወዳጆች አንዷ ያደረገቻት እሷም ይህን ስላወቀች ይመስለኛል።